ዕዳን በሌላ ሰው ኪስ መክፈል

መንግሥት ለበደለው ሕዝብ ካሳ መክፈል አለበት ቢባል የሚከራከር ሰው ብዙ አይገኝም። ካሳው ከማን ኪስ ይውጣ የሚለው ግን ከዚህ ያላነሰ የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ ጆንግሶን የምትባለው የደቡብ ኮሪያ የገጠር ወረዳ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ወረዳዋ በጋንግዎን ተራሮች መካከል ትገኛለች፤ የቃኘው ሻለቆች መታሰቢያ ያለባት ቹንቾን የዚሁ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ሳቡክና ጎሃን ከተባሉት ከተሞቿ ሥር የሚወጣው የድንጋይ ከሰል፣ ከላይ እስከ ታች በተበሳሳ ድቡልቡል ጡብ መልክ እየተሠራ የከተማውን ሕዝብ ቤት ያሞቅ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የነዋሪዋ ቁጥር ከ130 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። በኤፕሪል 1980 የሳቡክ ማዕድን ቆፋሪዎች በደመወዛቸውና በሠራተኛ ማኅበር መሪያቸው ጉዳይ ተነሡ። አንድ ፖሊስ ሞተ፤ የመሪው ሚስትም በቁጣ በተሞላው ሕዝብ እጅ ታስራ ተሠቃየች። ስምምነት ከተደረሰ በኋላ ደግሞ የወታደራዊው አገዛዝ ሰዎች ሠራተኞቹን እያፈሱ ገረፏቸው። የአገሪቱ የእውነት አጣሪ ኮሚሽን በ2008 መንግሥት ይቅርታ እንዲጠይቅ ሐሳብ አቅርቧል። በዚህ ላይ አቧራው ሳንባቸውን የበላባቸው ቆፋሪዎች አሉ። ዕዳው እንግዲህ እውነተኛ ዕዳ ነው።

በ1989 መንግሥት ትርፍ የሌላቸውን ጉድጓዶች የመዝጋት ፖሊሲ ሲያወጣ ወረዳዋ ባዶ መሆን ጀመረች። በማርች 1995 ነዋሪዎቹ አደባባይ ወጡ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም የተዘጉ የማዕድን አካባቢዎችን ለመደገፍ ልዩ ሕግ ወጣ። ከዚህ ሕግ የተወለደው ካንግዎን ላንድ በ2000 በሩን ሲከፍት የኮሪያ ዜጎች ገብተው የሚጫወቱበት ብቸኛ ካዚኖ ሆነ። በሌሎቹ ካዚኖዎች የሚስተናገደው የውጭ ሰው ብቻ ነው። የጆንግሶን ነዋሪ ራሱ ካዚኖው የሚገባው በወር አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ክርክሬ የሚነሣውም ከዚህ ደንብ ነው። ጨዋታው ምንም ጉዳት የሌለው መዝናኛ ቢሆን ኖሮ፣ ሊረዱት ከተባለው ሰው ለይተው ባላራቁት ነበር። ሕጉ የቁማርን ጉዳት ያውቃል። የመረጠው ጉዳቱ ከሩቅ በሚመጣ ሰው ላይ እንዲወድቅ ነው።

የሚጫወተው ሰው ወዶ ነው፣ ማንም አላስገደደውም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ቀላል ተቃውሞ አይደለም። ነገር ግን በሳቡክ መንገድ ዳር የተደረደሩትን፣ መኪናና ወርቅ በመያዣ እየያዙ የሚያበድሩ ሱቆች ማየት ይበቃል። ወደ ቤቱ የሚመለስበትን መኪና አስይዞ ወደ ጨዋታው የሚመለስ ሰው ፈቃዱ ምን ያህል የራሱ እንደሆነ የካዚኖው ድርጅትም ጠይቋል፤ ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ የሱስ ማማከሪያ ማዕከል ማቋቋሙ ለዚህ ምስክር ነው። ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይበረታል፦ ከአረቄና ከትምባሆ የሚሰበሰብ ቀረጥስ ትምህርት ቤት ይሠራበት የለም ወይ? ይሠራበታል። ያ ቀረጥ ግን ወደ ጋራ ካዝና ይገባል፤ ሰካራም ቢቀንስ የሚከስም አንድ ወረዳ የለም። እዚህ ግን የአንድ ሕዝብ ኑሮ በሌሎች ሽንፈት ላይ ታስሯል። በ2020 ወረርሽኙ ካዚኖውን ሲያዘጋው ድርጅቱ ከሰረ፤ ከትርፉ የሚሞላው የማዕድን አካባቢዎቹ ፈንድም ተናጋ። በቀጣዩ ዓመት የሕጉ ዘመን እስከ 2045 ተራዘመ፤ የፈንዱ ድርሻም ከትርፍ ሳይሆን ከካዚኖው ጠቅላላ ገቢ 13 በመቶ እንዲሆን ተወሰነ። ያ ገቢ ተጫዋቾች የተበሉት ገንዘብ ነው።

ቁማርን የሚነቅፍ ሃይማኖት አንድ ብቻ አይደለም። በጎሃን ሸለቆ ባለው ጥንታዊ የጆንጋምሳ ገዳም የሚከበረው ቡድሃ ለወጣቱ ሲጋላ በሰጠው ምክር ቁማርን ሀብት ከሚያጠፉ ነገሮች ቆጥሮታል። እኔ ግን ገንዘቡ ርኩስ ነው አልልም። በማቴዎስ ወንጌል የካህናት አለቆች ይሁዳ የመለሰውን 30 ብር የደም ዋጋ ነው ብለው ወደ ግምጃ ቤት አላስገቡትም፤ የእንግዳ መቃብር የሚሆን መሬት ገዙበት። ስለ ብሩ ንጽሕና ተጠነቀቁ፤ ብሩን የከፈሉት እነሱ መሆናቸው ግን አላስጨነቃቸውም። የጆንግሶንም ነገር እንዲህ ነው፤ በዚያ ገንዘብ የተማረ ልጅ አንዳች ነውር የለበትም፤ ሌላ አማራጭ ያጡት ነዋሪዎች ካዚኖውን መደገፋቸውም አያስወቅሳቸውም። የሚጠየቀው ዕዳውን ከራሱ ትከሻ አውርዶ በተሸናፊ ቁማርተኛ ላይ የጫነው ባለዕዳ ነው። በከሰሉ የሞቀው መላ አገሪቱ ናት፤ ስለዚህ ካሳው ሁሉም ከሚያዋጣው የመንግሥት በጀት በግልጽ ተመድቦ መከፈል ነበረበት።

ይህን ማስተካከል አሁንም ይቻላል። የቴቤክ ከተማ የጃንግሶንግ ማዕድን በ2024፣ የሳምቾክ ከተማ የዶግዬ ማዕድን ደግሞ በ2025 ተዘግተዋል። ሁለቱም የመንግሥት ነበሩ። ለነዚህ ከተሞች የሚከፈለው ካሳ በየዓመቱ ፓርላማ ፊት ቀርቦ በሚጸድቅ የበጀት መስመር ቢሆን፣ የጆንግሶንም ድርሻ እስከ 2045 ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ወደዚያው መስመር ሊዛወር ይችላል።