«ሠራ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በሁሩሙም ሆነ በመቱ እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆቻችን ገና በጅምሩ «ሜክ» የሚለውን ግሥ ያገኛሉ። መምህሩ «ሠራ» ማለት ነው ይላቸዋል፤ ትርጉሙም ስህተት የለበትም። ይሁን እንጂ እንግሊዝኛው ወንበርንም፣ ቡናንም፣ ወዳጅንም፣ ገንዘብንም በዚሁ በአንድ ግሥ «ይሠራል»። እኛ ግን ወንበር እንሠራለን፣ ቡና እናፈላለን፣ ወዳጅ እናፈራለን፣ ገንዘብ እናገኛለን። ይህ መለየት ጥበብ አለበት፤ ወዳጅ በጊዜው የሚበስል ፍሬ እንጂ ተጠርቦ የሚቆም ዕቃ አይደለምና።

«ሠራ» የሚለው ቃላችን ሥሩ የግእዙ «ሠርዐ» ነው፤ ይኸውም ደነገገ፣ አዘጋጀ ማለት ነው። «ሥርዐት»ም የወጣው ከዚሁ ነው። በአፋን ኦሮሞም «ቶልቹ» የሚለው የመሥራት ግሥ «ቶሉ»፣ ማለትም መልካም መሆን፣ ከሚለው የተገኘ ነው። እንግዲህ በሁለቱም ቋንቋዎቻችን መሥራት ማለት ነገርን በሥርዐት ማቆም፣ መልካምም ማድረግ ነው።

ከዚህ በላይ ያለው መፍጠር ግን የእግዚአብሔር ነው። ሁሩሙን የሚጨምረውና በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዩ የቡና ደን ለዚህ ምስክር ነው። ቡናውን የፈጠረ ገበሬ የለም፤ ገበሬው ያርማል፣ ይለቅማል፣ ያደርቃል። የተቀበለውን ስጦታ መልካም አድርጎ ለሌላው ያደርሳል።

ዛሬ ግን ቃሉ ከሥሩ ሲርቅ እንሰማለን። «እገሌ ገንዘብ ሠራ» ይባላል፤ በምን እንደ ሠራው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ያልደረቀ ቡና ቀላቅሎ የሸጠም፣ ሚዛን ያጎደለም ባልንጀራውን አታልሎ «ሠራሁት» ሲል ይስቃል። በአንጻሩ ጀበናውን የሠራችው ሸክላ ሠሪ፣ ማረሻውን ያወጣው ቀጥቃጭ በብዙ የአገራችን ክፍል ሲናቁ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ልማዱ ግን ከአዋጁ በኋላም ዘልቋል። በእጇ ጀበና የቡናን ግብዣ ተካፍለን እርስዋን ከማዕዳችን ብናርቅ ምን ዓይነት ሥርዐት ሠራን እንላለን?

ቅዱስ ቶማስ ዘአኩዊኖ በዚህ ላይ የሚረዳን ልዩነት አስተምሮአል። አንዱ ሥራ ወደ ውጭ ወጥቶ በዕቃው ላይ ይፈጸማል፤ ሌላው በሠሪው ውስጥ ይቀራል። ሸክላው ከእሳት ሲወጣ ከሠሪዋ እጅ ይለያል፤ ታማኝነቷና ትዕግሥቷ ግን ከእርስዋ ጋር ይኖራሉ። አታላዩም እንዲሁ ነው፤ ገንዘቡ ያልቃል፣ አታላይነቱ ግን በውስጡ ይቀራል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው ሥራ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ የሥራ ክብር የሚመዘነው በሥራው ዓይነት ሳይሆን ሠሪው ሰው በመሆኑ እንደ ሆነ አስረድተዋል። ጌታችንም ራሱ በአገሩ ሰዎች ዘንድ ጸራቢ ተብሎ መጠራቱን እናስታውሳለን።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ለልጆቻችን «ስንት ሠራህ?» ከማለታችን በፊት «የሠራኸው ለማን መልካም ሆነ? አንተንስ ምን አደረገህ?» ብለን መጠየቅን እናስተምራቸው። የሸክላ ሠሪዋ ልጅም በዚያው ጉባኤ ከእነርሱ ጋር በአንድ ወንበር ትቀመጥ።