የተጫዋች ክብር በምን ይመዘናል?

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ፣ በገና ዕለት ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይሰለፉ ነበር፤ ሎሌው እሩሩን ሲለጋ የጌታውን እግር ቢያገኘው ጌታው አይቆጣም ነበር። የሜዳው ሕግ ማዕርግን አያውቅምና። ታዲያ ጨዋታው ሲፈታ እኩልነቱም አብሮ ይፈታልን?

ለዚህ ጥያቄ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት ምስክር ይሆናል። እኒህ ሰው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ከ20 ዓመት በላይ ኳስ ተጫወቱ። በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲዘጋጅ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ቀላቅላ ለማሰለፍ እምቢ ስላለች ከውድድሩ ወጣች። ከእርሷ ጋር ልትገጥም የነበረችው ኢትዮጵያም ያለ ግጥሚያ ለፍጻሜ ደርሳ በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

በ1954 ዓ.ም. ግን በአቶ ይድነቃቸው አሠልጣኝነት ግብጽን 4 ለ 2 ረትታ ዋንጫውን ወሰደች። ሕዝብ የሚያነሣው ይህን ድል ነው፤ ሆኖም የፊተኛው ሽንፈት ይከብዳል፤ እውነት ያለ ዋንጫ የተጠበቀችበት ነውና። አቶ ይድነቃቸውም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካን እግር ኳስ ማኅበር በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ፣ በ1979 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ፣ ዘር የሚለየውን መንግሥት ከሜዳ ለማራቅ ተሟገቱ።

«ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ፍርድ ምን አገባው?» የሚል ቢኖር፣ በገና ዕለት ታግሦ በማግሥቱ ሎሌውን የሚገርፈውን ጌታ ይመልከት፤ ያ ሰው ሰሙን ይዞ ወርቁን የጣለ ነው። የተጫዋች ክብርም የሚመዘነው የሜዳውን ሕግ ከሜዳ ውጭ በመጠበቁ ነው።