ካሣና ኅሊና

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ሽሬ የሚወስደው መንገድ፣ ደባርቅን እንዳለፈ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በጠላት ወረራ ዘመን ኢጣልያኖች ያሠሩት ይህ ቁልቁለት፣ ቸልተኛውንም ጥንቁቁንም አሽከርካሪ የሚፈትን ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው ከአባቱ የወረሳት አሮጌ ቮልስዋገን በዚህ ሥፍራ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭታ ተጎዳች እንበል። የዚህች ዓይነት መኪና ሥራ በ1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር ስለ ተቋረጠ፣ መለዋወጫዋን ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ባለቤቷም የሚያያት እንደ አባቱ መታሰቢያ ነው። ታዲያ ከመድን ድርጅት ምን ያህል ካሣ ቢጠይቅ ይገባዋል? ይህ የገንዘብ ጥያቄ ቢመስልም የኅሊና ጥያቄ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በአንቀጽ 678 የንብረት መድን የካሣ ውል መሆኑን፣ ካሣውም ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይኸውም መድን የወደቀውን ያነሣል እንጂ አያበለጽግም ማለት ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ደግሞ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ስለ ሆነ፣ የራስን መኪና ለማስጠገን የተለየ ውል ያስፈልጋል።

ፈተናው ከዚህ ይጀምራል። ሰውዬው በውሉ ቀን አረቦኑ እንዲያንስለት 400,000 ብር የምታወጣውን መኪና 200,000 ብር ብቻ አድርጎ ያስመዘግባል፤ በአደጋው ቀን ግን ሙሉ ዋጋዋ ትዝ ይለዋል። በመድን ሥርዓት 100,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት የሚከፈለው እኩሌታው፣ 50,000 ብር ነው። ጉድለቱን ለመሙላት ሲል የቆየውን ዝገት በአደጋው ስም ቢያስቆጥር፣ ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 25 ያወገዘው የሁለት ሚዛን ነገር በእርሱ ላይ ይፈጸማል።

«የድርጅት ገንዘብ ነው፤ ማን ይጎዳል?» የሚል ቢኖር እድሩን ያስብ። ሞት ሳይኖር ሞተብኝ ብሎ የእድር ገንዘብ የሚቀበል ሰው ከእውነተኛው ሐዘንተኛ ድርሻ እንደሚነጥቅ ማንም አይስተውም። የመድንም ገንዘብ ከብዙዎች አረቦን የተጠራቀመ ስለ ሆነ፣ በሐሰት የሚወስድ ሰው የሚወስደው ስሙን ከማያውቀው ባልንጀራው ነው።

ይሁን እንጂ ፍርዱ በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ድርጅቱም አረቦን ሲቀበል ዋጋ ሰጥቷት የነበረችውን መኪና፣ በካሣ ቀን «አሮጌ ናት» ብሎ ቢያቃልላት፣ ያው ሁለት ሚዛን መያዝ ነው።

የአባት መታሰቢያነትስ ዋጋ የለውምን? አለው፤ ነገር ግን በገንዘብ የሚመነዘር አይደለም። ባለቤቱ የመኪናይቱን ትክክለኛ ዋጋ በባለሙያ አስገምቶ ከአደጋው አስቀድሞ በውሉ ያስጽፍ፤ ከዚህ በላይ የሚቀረውን ሐዘን ግን በትዕግሥት ይቀበለው። በውል ቀን እውነት የተናገረ ሰው በካሣ ቀን አያፍርምና።