የምንወደውን ዕቃ ስለ መተው



አንድ ሰው መኪናውን ቢወድ ኃጢአት ነውን? ይህን የጠየቀኝ የቁምስናችን ምእመን ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ጋር ተቀራራቢ፥ የአራት ልጆች አባት። የነገረኝ በምሥጢረ ንስሐ ሳይሆን ከቅዳሴ በኋላ በግቢው ዛፍ ሥር ቆመን ሳለ ነው፤ እንድጽፈውም እርሱና ባለቤቱ ፈቅደውልኛል። ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ቀላል መልስ ሰጠሁት። መልሴ ግን የተሳሳተ ነበር፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በከፊል ስሕተቴን ለማረም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ሰው ከአባቱ የወረሳት አንዲት ቮልስዋገን ነበረችው። መኪና መንዳት የተማረው አባቱ አጠገቡ ተቀምጠው በእርሷ ነው። እናቱ ታናሽ እኅቱን ለመውለድ በምጥ በተያዙበት ሌሊት ሐኪም ቤት ያደረሰቻቸውም እርሷ ናት። በየዓመቱ በመስከረም ወር መላው ቤተሰብ ለመስቀል በዓል ወደ ጉራጌ አገር የሚገባው በእርሷ ነበር። የጉራጌ ልጅ የትም ቢኖር ለመስቀል አገር ቤት ለመግባት እንደሚጥር የማያውቅ አንባቢ አይኖርም። ጉዞው ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ በሰበታና በቱሉ ቦሎ አልፎ ወሊሶ፥ ከዚያም ወልቂጤ ድረስ ከ150 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እስከ መንደሩ የሚያደርሰው መንገድ ይቀራል። የቮልስ ሞተር ከኋላ፥ የዕቃ መጫኛዋ ከፊት ነውና፥ ከፊት ኮፈኗ ሥር ሲሄዱ ስኳርና የበዓል ልብስ፥ ሲመለሱ ቆጮና ቅቤ ይጫን ነበር። የቅቤው ሽታ እስከ ኅዳር ድረስ ከመኪናዋ አይወጣም ነበር አለኝ፤ ይህን ሲናገር ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት በራ።

አባቱ ዐረፉ። እርሱም አግብቶ አራት ልጆች ወለደ፤ እናቱም ከእርሱ ጋር ይኖራሉ። ሰባት ሰዎች በአንዲት ቮልስ! መጀመሪያ ልጆቹ በጭን ላይ ተቀመጡ፤ ይህ በረጅም መንገድ ላይ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ መናገር አያሻም። ካደጉ በኋላ ደግሞ ሁለቱ ከእናታቸው ጋር በአውቶቡስ መሄድ ጀመሩ። ከሦስት ዓመት በፊት ግን የመጀመሪያይቱ ልጁ «እኔ እቀራለሁ» ብላ በዓሉን አዲስ አበባ በአክስቷ ቤት አሳለፈች። ለምን እንደ ቀረች በተጠየቀች ጊዜ «አያታችን ዛሬም መቀመጫ ይዘዋል» ብላ መለሰች። አባትየው ወደ እኔ የመጣው ይህን ቃል ከሰማ በኋላ ነው።

እኔም «ወንድሜ፥ ብረት እኮ ነው፤ ሽጣት» አልሁት። ቃሌንም ለማጠናከር የአንድ መኪና ታሪክ ነገርሁት። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ እ.ኤ.አ. በ1964 ለቅዱስ ቁርባን ጉባኤ ወደ ቦምቤይ በሄዱ ጊዜ ይገለገሉባት የነበረችውን ነጭ ሊንከን መኪና ሲመለሱ ለእናት ተሬዛ ሰጧት። እርሷም አንድ ቀን እንኳ ሳትሳፈርባት ለሎተሪ ዕጣ አወጣቻትና ገንዘቡን ለለምጽ ሕሙማን መንደር አዋለችው። ሰውየው በትዕግሥት ካዳመጠኝ በኋላ «አባ፥ ያቺን መኪና እኮ የእርሷ አባት አልነዷትም» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስሕተቴ «ብረት ነው» ማለቴ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስለ ግዙፍ ነገር እንዲህ ብላ አታስተምርም። ጸጋን በውኃ፥ በዘይት፥ በእንጀራና በወይን የምትቀበል ቤተ ክርስቲያን ግዙፍ ነገር የመንፈስን ነገር ሊሸከም እንደሚችል ታውቃለች። ባሏ የሞተባት አሮጊት ጋቢውን አጥፋ በሣጥን ስታኖር ማንም «ጥጥ ነው» አይላትም። ገበሬም በሬውን በስሙ ጠርቶ፥ በመልኩ አሞግሶ ነው የሚያርሰው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ልብ እንድትሉ እለምናችኋለሁ፤ ስለ ንዋይ ፍቅር ስናስተምር ሁሉን በስስት ስም ብቻ የጠራነው እንደ ሆነ፥ ስስት የሌለበት ምእመን ቃሉ እርሱን እንደማይመለከተው አስቦ ይሄዳል። ይህ ሰው ስስታም አልነበረም። ለቮልሷ በገበያ የሚሰጠው ዋጋ በልቡ ቦታ አልነበረውም።

ቅዱስ አጎስጢኖስ ስለ ክርስትና ትምህርት በጻፈው መጽሐፍ በአንደኛው ክፍል ለዚህ ጉዳይ እጅግ የሚስማማ ምሳሌ አለ። ከአገራችን ርቀን የምንኖር፥ ወደዚያም ለመመለስ የምንናፍቅ ሰዎች ብንሆን፥ በየብስ ወይም በባሕር የሚያደርሰን መጓጓዣ ያስፈልገናል ይላል። ነገር ግን የመንገዱ ውበትና የመጓጓዣው ምቾት ልባችንን የማረከው እንደ ሆነ፥ ጉዞው እንዳያልቅብን እንመኛለን፤ አገራችንንም እንረሳለን። ከዚህ ተነሥቶ የምንጠቀምበትን ነገር ለራሱ ሲባል ከሚወደድ ነገር ይለያል፤ ለራሱ ሲባል የሚወደደውም እግዚአብሔር ነው። በዘርአ ክህነት ሳለሁ ይህን ስማር ደረቅ ትምህርት መስሎኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር «መጠቀም» የሚለው ቃል የአባትን መኪና ለሚያስታውስ ልጅ ዛሬም ቀዝቃዛ ሆኖ ይሰማኛል። ምሳሌው ግን ነገሩን በትክክል ይነካል። ቮልሷ የተወደደችው ቤተሰቡን ወደ አገሩ ታደርስ ስለ ነበረ ነው። አሁን ግን በእርሷ ምክንያት አንዲት ልጅ ከአገሯ ቀረች። እንግዲህ ልንመረምር የሚገባን ሰውየው መኪናዋን ምን ያህል እንደሚወድ ሳይሆን የዚህን ፍቅር ዋጋ ማን እንደሚከፍል ነው። የምትከፍለው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች።

በሚቀጥለው ጊዜ ስንገናኝ ስለ ሽያጭ አላነሣሁም፤ ስለ መኪናዋ እንዲያጫውተኝ ጠየቅሁት። የቮልስ ወዳጅ ታሪኳን ማውራት አይጠግብም። ስሟ በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። ሂትለር በ1930ዎቹ ዓመታት ሁለት ዐዋቂዎችንና ሦስት ልጆችን የምትይዝ ርካሽ መኪና እንድትሠራ አዘዘ፤ 336,000 ያህል ጀርመናውያን በየሳምንቱ ቴምብር እየገዙ ቆጠቡ። ጦርነቱ መጣና ፋብሪካው ለጦር ሥራ ዋለ፤ ከቆጣቢዎቹም አንድ ስንኳ መኪናውን አልተረከበም። ከጦርነቱ በኋላ ግን መኪናዋ እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ ስትሠራ ቆይታ ቁጥሯ ከ21 ሚሊዮን በላይ ደረሰ፤ የመጨረሻይቱ የወጣችው ከሜክሲኮ ነው። በአገራችንም የብዙ የከበሩ መኪኖች ባለቤት የነበሩት ንጉሠ ነገሥት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በአንዲት ቮልስ ኋላ መቀመጫ ነበር። ይህን ሁሉ የነገረኝ እርሱ ነው። እኔም «እንዲህ ከሆነማ ከመጀመሪያውም የታሰበችው ለአባት፥ ለእናትና ለሦስት ልጆች ነው፤ አንተ ሰባት ሆነሃል» አልሁት። ሳቀ። በወሩ ሸጣት፤ ጥቂት ጨምሮበትም ያገለገለ ባለ ስምንት መቀመጫ ቶዮታ ገዛ።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ባለቤቱ መጣች። «አባ፥ ቮልሷ ቤታችን ከነበረች ይልቅ አሁን ከበደችን» አለችኝ። ባልየው በአዲሱ መኪና እያንዳንዱ ዳገት ላይ ያጕረመርማል፤ ስለ እርሱ ሲናገር «ይህ ዕቃ» ይላል፥ ስለ ቮልሷ ሲናገር ግን ዛሬም «እርሷ» ናት። ልጆች ቢጮኹ፥ መቀመጫ ላይ ውኃ ቢፈስ፥ «ለእናንተ ስል ነው የሸጥኋት» የሚለው ቃል ይከተላል። ትልቋ ልጅ መቀመጫ አገኘች፤ ይሁን እንጂ በተቀመጠች ቁጥር ኪራይ ትከፍልበታለች።

እኔ ከቮልሷ ጉዳይ ይልቅ ይህ ከባድ ይመስለኛል። ብዙዎቻችን፥ ወላጆችም ካህናትም፥ አንድ የምንወደውን ነገር ትተናል፤ የተውነውንም ነገር በየጊዜው እያነሣን የተውንላቸውን ሰዎች እንወቅሳለን። ሐዋርያው ጳውሎስ ሰው በኀዘን እንዳይሰጥ፥ እግዚአብሔር በደስታ የሚሰጠውን እንደሚወድ ጽፏል (2ኛ ቆሮ. 9፥7)። ይህ ቃል ለብዙ ጊዜ አስቸግሮኛል። የሚወደውን ሰጥቶ የማያዝን ማን ነው? የማያዝን ከሆነስ ምን ሰጠ? ጌታችንም በጌቴሴማኒ አዝኗል። እንደሚመስለኝ ሐዋርያው የሚነቅፈው ሄዶ ስለ ቀረው ነገር ማዘንን አይደለም፤ ተቀባዩ በመቀበሉ ማዘንን ነው። የመጀመሪያው ዕንባ ነው፤ ሁለተኛው ቂም ይሆናል። ዕንባውን የደበቀ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ቂም ያልፋል። ይህ ምእመን መኪናዋን ለደላላው ሲያስረክብና የሊብሬው ስም ሲዛወር ብቻውን ነበር። ለማንም አንድ ቃል አልተናገረም፤ «መኪና ሸጦ አለቀሰ» መባልን አፍሯል።

ነቢዩ ኤልሳዕ ግን እንዲህ አላደረገም። ኤልያስ መጐናጸፊያውን በጣለበት ጊዜ በበሬዎች ያርስ ነበር። አስቀድሞ አባቱንና እናቱን ስሞ ሊሰናበት ለመነ፤ ከዚያም ጥማድ በሬዎቹን አርዶ በራሳቸው ዕቃ እንጨት ሥጋቸውን ቀቀለ፥ ለሕዝቡም ሰጠ፥ በሉም (1ኛ ነገ. 19፥19-21)። ከዚህ ቀደም ይህን ስሰብክ «ወደ ኋላ የሚመለስበትን አጠፋ» ብቻ እል ነበር። አሁን ግን ግብዣውን አያለሁ። የሚወዳቸውን በሬዎች በምሥጢር አልሸጠም፤ ቤተሰቡና ጐረቤቱ በተሰበሰበበት ተሰናበታቸው። በኋላም ኤልያስን «ስለ አንተ በሬዎቼን አረድሁ» ብሎ ሲወቅሰው አናነብም።

ይህንኑ ለባልና ሚስቱ በአንድነት ነገርኋቸው፤ ምን እንዲያደርጉ ግን አልነገርኋቸውም። በሚቀጥለው መስቀል ሰባቱም አብረው ሄዱ። አባታቸው ሞተሩ እስኪበርድ ያሳርፉበት በነበረው ስፍራ፥ ወሊሶ ሳይደርሱ፥ መኪናውን አቁሞ ለልጆቹ ስለ አያታቸው ረጅም ሰዓት አጫወታቸው፤ እንባውም መጣ፥ ልጆቹም አዩት። ሲመለሱ ሰበታ አጠገብ አንዲት ቮልስ ከፊታቸው ትሄድ ነበር። ቀለሟ ተለውጧል፤ እርሱ ግን በታርጋዋ አወቃትና ክላክስ ነፋ። የሚነዳት ወጣት ማን እንደ ጠራው አላወቀም፤ ቢሆንም እጁን በመስኮት አውጥቶ ሰላምታ ሰጠ። ልጆቹ እስክትሰወር ድረስ እጃቸውን አወዛወዙላት፤ አያትየዋም አንገታቸውን አስግገው አይተው «ደኅና ይዟታል» አሉ።