ስለ ተሰወረ መድኃኒት

ቍስል የሚያደርቅ ቅጠል የሚያውቅ ሰው ዕውቀቱን ሰውሮ መኖር ይገባዋልን? ጥያቄው ሥር ማሽና ቅጠል በጣሽ የሚባሉትን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ተሳስቷል፤ በጉባኤ ቤት ካደግነው መካከል ከመምህሩ አንድም ሁለትም መድኃኒት ያልተቀበለ ጥቂት ነውና። እኔም ከተቀበሉት አንዱ ስለሆንሁ የምጽፈው በሌላው ላይ ለመፍረድ አይደለም።

በጎጃም ቅኔ በምማርበት ዘመን ቁራሽ ልለምን ወጥቼ ውሻ ባቴን ነከሰኝ። ይህ ለቆሎ ተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። የኔታ ውኃ አፈሉ፤ ጨው ጨመሩበት፤ ለብ ሲልም ቍስሉን አጠቡልኝ፤ እንባዬ ቢፈስም አልራሩልኝም። ከዚያም የአንድ ዛፍ ለጋ ቀንበጥ ቀንጥሰው የሚወጣውን ፈሳሽ ጠብ ጠብ አደረጉበትና ታጥቦ ፀሐይ በመታው የነጠላ ቁራጭ አሰሩት። በማግስቱም በሣልስቱም እንዲሁ አደረጉ። ውሻው ያበደ አለመሆኑ የእግዚአብሔር ቸርነት ነበር፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቢይዘኝ ኖሮ ያ ቅጠል ባላዳነኝም ነበር፤ ነገር ግን ይህን ያን ጊዜ እኔም የኔታም አላሰብነውም። ባቴ ሲሽር ዛፉን ለብቻዬ ወስደው አሳዩኝና፦ «መድኃኒት ከተነገረ ኃይሉ ይሸሻል፤ ለማንም እንዳትናገር» ብለው በመስቀላቸው አስማሉኝ። መሐላውንም ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠበቅሁት።

ስለ ዕፀዋት መድኃኒትነት ቅዱሳት መጻሕፍት የሚሉትን ስንመረምር በመጀመሪያ የሚያስደነግጥ ነገር እናገኛለን። በመጽሐፈ ሄኖክ ከሰማይ የወረዱት ትጉሃን ለሰው ልጆች ካስተማሩት ክፉ ነገር መካከል ሥራይና ሥር መቍረጥ ተቈጥረዋል። በመጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ የኖኅ የልጅ ልጆች በአጋንንት በተጨነቁ ጊዜ ኖኅ ቢጸልይ፣ ቅዱሳን መላእክት በምድር ዕፀዋት የሚፈውስበትን ጥበብ አስተማሩት፤ እርሱም ሁሉን በመጽሐፍ ጻፈው። ሁለቱም በቤተ ክርስቲያናችን የመጻሕፍት ቍጥር ውስጥ ያሉ ናቸውና አንዱን ይዘን ሌላውን ልንጥል አይቻለንም። ታዲያ ሥሩ አንድ ሲሆን በአንዱ ዘንድ መርገም፣ በሌላው ዘንድ ምሕረት የሆነው ስለ ምንድን ነው? ሄኖክ ሥር መቍረጥን ያነሣው ከሥራይና ከድግምት ጋር አጣምሮ ነው፤ ኩፋሌ ግን የታመሙትን ከማዳን ጋር። ስለዚህ ቅጠሉን ከአስማት ጋር የሚያስር ሰው በሄኖክ ይወቀሳል፤ ቅጠሉን ለቍስሉ ብቻ የሚያውል ግን የኖኅ ደቀ መዝሙር ነው። በየቤታችን ባሉት የብራና መጽሐፈ መድኃኒቶች ሁለቱ በአንድ ገጽ ተቀላቅለው መገኘታቸውን ሳስብ ግን አዝናለሁ።

የሚሰውሩትም ወገኖች ከዚሁ ከኩፋሌ የሚጠቅሱት አላቸው፤ ኖኅ መጽሐፉን የሰጠው አብልጦ ለሚወደው ለሴም ነውና ጥበብ ለተመረጠ ብቻ ይሰጣል ይላሉ። ሙግቱ ቀላል አይደለም። ሆኖም ጥበቡ የወረደው ስለ ኖኅ ልጆች ሁሉ ጭንቅ ነው፤ ሴም መጋቢ ተደረገ እንጂ ባለቤት አልሆነም። ኖኅም ጻፈው እንጂ በሴም ጆሮ አላንሾካሾከም። ኢሳይያስ በሕዝቅያስ ቍስል ላይ ያደረገው የበለስ ጥፍጥፍ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፎ እስከ ዛሬ ይነበባል። ጦብያ ስለ ዓሣው ሐሞት በጠየቀ ጊዜ ቅዱስ ሩፋኤል ወዲያው ነገረው እንጂ አላስማለውም። ደጉ ሳምራዊ በቍስሉ ላይ ያፈሰሰውም ዘይትና ወይን መንገደኛ ሁሉ ሊይዘው የሚችል ነበር።

ለመሰወር የሚያበቃ ምክንያት ከቶ የለም አልልም። ባለመድኃኒቱ ድሃ ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያች ቅጠል ነው። ደግሞም ከውጭ ሲደረግ የሚጠቅም ዕፅ ሲጠጣ ሆድ የሚያናውጥና የሚገድል አለ፤ ላልተማረ ሰው መንገር ያስፈራል። ባዕድ ይወስድብናል የሚለውም ስጋት ከንቱ አይደለም፤ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቍጥር 482/1998 የታወጀው ስለዚሁ ነው። ይሁን እንጂ እኛ ስንሰውር መጽሐፎቻችን አልተሰወሩም፤ ስቴፋን ስትሬልሲን የተባለ የፖላንድ ሊቅ የኢትዮጵያን የመድኃኒት ድርሳናት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. በዋርሶ በፈረንሳይኛ ተርጕሞ አሳትሟቸዋል።

ወደ አቃቂ ቃሊቲ ለአገልግሎት ከመጣሁ በኋላ ግን ነገሩ ከክርክር ወጥቶ ሥጋና ደም ሆነብኝ። አገሩ ፋብሪካ የበዛበት፣ በእጁና በእግሩ ላይ ስንጥቅ የሌለበት የቀን ሠራተኛ የማይገኝበት ነው። ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው፤ በብረት ሥራ የሚያድር አንድ ጐልማሳ እግሩን ቆርቆሮ ቈርጦት አልሽር ቢለው ለጠበል መጣ። ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ፤ እኔም በየዕለቱ እያየሁት በመሐላዬ ተይዤ ዝም አልሁ። እርሱም ሌላ ሰው ዘንድ ሄዶ ተጨምቆ በቅቤ የተለወሰ አንዳች ነገር አሳሰረበት፤ ለማጠቢያ የቀዳውም ከአቃቂ ወንዝ ነበር። ይህ ወንዝ የከተማውንና የፋብሪካውን እድፍ ተሸክሞ የሚወርድ መሆኑን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። እግሩ አብጦ ወደ ሐኪም ቤት ሲደርስ የስኳር ሕመም እንዳለበት ታወቀ፤ ሁለት ጣቶቹም ተቈረጡ። ሐኪሙ «ምን ነበር ያደረግህበት?» ብሎ ቢጠይቀው መልስ አልነበረውም፤ ያሰረለት ሰው አልነገረውምና።

የእኔ ቅጠል ያድነው ነበር ብዬ አልዋሽም። የስኳር ሕመምተኛን ቍስል ቅጠል ብቻውን አያሽረውም። ነገር ግን አፌን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ እግሩን ባጠብሁለት፣ ቀርቤም ባየሁት፣ ውኃ ጥም ይበዛብህ እንደሆነ ብዬ በጠየቅሁት፣ በጊዜ ወደ ሐኪም በላክሁት ነበር። ቅጠሉን ስሰውር ዐይኔንም አብሬ ሰውሬው ኖሯል። ከዚህም የሚከፋው፣ የተሰወረ መድኃኒት ማዳኑ ብቻ ሳይሆን አለማዳኑም የተሰወረ መሆኑ ነው፤ ዐሥር ሰው ታክሞ ሦስቱ ቢሽር ባለመድኃኒቱ ሦስቱን ያወራል፤ ሰባቱን የሚቈጥርለት ማንም የለም።

ስለ መሐላዬ የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ። እርሳቸውም ሄሮድስ በመሐላው ጸንቶ የመጥምቁን አንገት እንዳስቈረጠ፣ በመጽናቱም እንዳልተመሰገነ አሳሰቡኝና ቀኖና ሰጥተው ፈቱኝ። የኔታ ቀድሞ ዐርፈው ነበር፤ በሕይወት ቢኖሩ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች የሚያደርጉትን መከታተል ጀመርሁ። ማር በቍስል ላይ ሲደረግ እርጥበቱን ስቦ ጀርሙን እንደሚያዳክም በሐኪሞችም ዘንድ የታወቀ ሆኗል። የመቅመቆን ሥር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአይጦች ቍስል ላይ ፈትነው ለመሻር እንደሚያግዝ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. ጽፈዋል፤ አይጥ ግን ሰው አይደለምና በዚህ ብቻ ተማምኖ ሐኪም ቤት የሚቀር እንዳይኖር እለምናለሁ። በዚያው ዓመት ቱ ዩዩ የተባሉ ቻይናዊት የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ጌ ሆንግ የሚባል ሰው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው የመድኃኒት መጽሐፍ ለሚመላለስ ትኵሳት አንድ ዕፅ በውኃ ነክሮ መጭመቅን ያዛል፤ ማፍላትን ግን አያነሣም። ሴትዮዋ ከዚህች ቃል ተነሥተው ዕፁን በብዙ እሳት ሳያቃጥሉ የወባውን መድኃኒት አወጡ። ጌ ሆንግ የዕፁን ስም ብቻ ጽፎ አሠራሩን ቢሰውር ኖሮ ይህ ፍንጭ ባልተገኘም ነበር።

አሁን የእኔን ልናገር፤ ዛፉ ብሳና ነው። መጀመሪያ የነገርሁት በአጥቢያችን ላሉ አንዲት አረጋዊት እናት ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ልቤም እየመታ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ያለውን ዛፍ አሳየኋቸው። እርሳቸው ግን እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «አባቴ፣ መካኒሳን ነው እንዴ ይህን ያህል ዘመን የሸሸጉት? እረኛ ሁሉ የሚያውቀውን!» አሉኝ። በእውነትም መካኒሳ የብሳና የኦሮምኛ ስሙ ነው፤ በአዲስ አበባም በዚህ ስም የሚጠራ አንድ ሙሉ ሰፈር አለ። እኔ በመስቀል ምዬ የሰወርሁትን አውቶቡስ ሲጠራው ይውላል።

አፍሬ ዝም ስል ጊዜ፣ የኔታ እንዴት እንዳከሙኝ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ስለ ቀንበጡ ስናገር ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ ስለ ፈላው ውኃ፣ ስለ ጨው፣ በየቀኑ ስለሚለወጠውና ፀሐይ ስለሚመታው ጨርቅ ስናገር ግን፦ «ይህንስ አልሰማሁም፤ እኛ ቀንጥሰን በላዩ ጠብ እናደርግበታለን እንጂ አናጥበውም» አሉና ስንት ጊዜ እንደሚታጠብ ደጋግመው ጠየቁኝ። ስለ ውኃው የኔታ አላስማሉኝም ነበር።