ፊርማን ለምኖ መሸጥ ይገባልን?

ፊርማ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ሲሰፍር የኀላፊነት ምልክት ነው፤ ፈራሚው «ይህን ያልሁ እኔ ነኝ፤ ብጠየቅበት መልስ እሰጣለሁ» ማለቱ ነው። ደራሲ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ለአንባቢው ሲፈርም ግን የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ጥቂት ጊዜውንና መልካም ፈቃዱን ነው። እንግዲህ ይህን ከደራሲው በነፃ ተቀብሎ በማግሥቱ ለገበያ ማውጣት ይገባልን? ጥያቄው ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ስጦታና ሸቀጥ የሚለያዩበትን ድንበር የሚነካ ስለ ሆነ፥ ልናስብበት ይገባል።

በመጀመሪያ የሻጩን ክርክር በቅንነት እንስማ። መጽሐፍን በገንዘቡ የገዛ ሰው የመጽሐፉ ባለቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 አንድ የአሜሪካ አሳታሚ፥ መጽሐፉ ከአንድ ዶላር በታች እንዳይሸጥ በውስጡ ባሳተመው ማስጠንቀቂያ ነጋዴዎችን ለማሰር ቢሞክር፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የደራሲነት መብት እስከዚያ ድረስ አይደርስም ሲል ፈርዶበታል። አሪስቶትልም «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ፥ ጫማ ሁለት ጥቅም እንዳለው፥ አንዱ መጫማት ሁለተኛው መለወጥ እንደ ሆነ ያስረዳል። ከዚህም በላይ የሟች ልጆች የአባታቸውን መጻሕፍት ቢሸጡ፥ ወይም ችግር የጣለው ሰው የሚወደውን መጽሐፍ እንባ እየተናነቀው ቢያወጣ፥ የሚነቅፋቸው ሰው ልበ ደንዳና ነው። ብዙ የደራስያን የእጅ ጽሑፍ ከጥፋት የዳነውም ሰብሳቢዎችና ነጋዴዎች ዋጋ ስለ ሰጡት ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ያው አሪስቶትል፥ ጫማ የተሠራው ለመለወጥ እንዳልሆነ ጨምሮ ይናገራል። ስለዚህ ነውሩ ያለው በመሸጡ ሳይሆን በአገኛኘቱ ላይ ነው። ለመሸጥ የሚያስፈርም ሰው ስሙ እንዲጻፍ አይፈልግም፤ የሌላ ሰው ስም ያለበትን መጽሐፍ እንግዳ ገዢ እንደ ልቡ አይወደውምና። በዚህም ምክንያት ሁለት ሦስት ቅጂ ይዞ ይሰለፋል፤ ወይም ላረጀ ደራሲ የአድናቆት ደብዳቤ ይጽፋል። ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የግብረ ገብ መጽሐፉ፥ ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አድርጎ መያዝ እንደማይገባ አስተምሯል። የውሸት አድናቆት የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ደራሲው ሳያውቅ የነጋዴው ሠራተኛ ይሆናል።

ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዛውንት ደራሲ መጽሐፋቸውን ባስመረቁበት ቀን፥ ሁለት ቅጂ ይዤ ተሰልፌ ነበር። አንደኛውን ለራሴ አስፈረምሁ። ሁለተኛውን ሳቀርብ፥ «ለማን ልበል ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። አስቀድሜ ለአንድ መጽሐፍ ሻጭ ቃል ገብቼ ስለ ነበር፥ «ለታናሽ ወንድሜ ነው፤ ፊርማዎ ብቻ ይበቃዋል» አልሁ። እርሳቸውም ብዕራቸውን እንደ ያዙ ወንድሜ ስንተኛ ክፍል እንደ ደረሰ ጠየቁኝ፤ እኔም አንዱን ክፍል ጠራሁላቸው። «በርታ ብለውሃል በልልኝ» ብለው ፈረሙ። መጽሐፉን ሸጥሁት። ያተረፍሁት ገንዘብ በምን እንዳለቀ ዛሬ አላስታውስም፤ መልእክቱን ግን የማደርስለት ታናሽ ወንድም ስለሌለኝ፥ እስከ ዛሬ በእጄ አለ።

ለፊርማ ገንዘብ መቀበል ራሱ ነውር አለመሆኑን ጋንዲ ያስረዱናል። እርሳቸው ፊርማቸውን ለሚለምናቸው ሰው አምስት ሩፒ ያስከፍሉ ነበር፤ ገንዘቡም «የማይነኩ» ይባሉ የነበሩትን ወገኖች ለመርዳት ይውል ነበር። በዚህ ውስጥ የተታለለ የለም፤ ሰጪውም ተቀባዩም የሚያደርጉትን ያውቃሉ። እንግዲህ ልዩነቱ በገንዘቡ ላይ ሳይሆን በግልጽነቱ ላይ ነው።

አንዳንዶች ነገሩን ለሕግ እንተወው ይሉ ይሆናል። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2016 ፊርማ ያለባቸውን ዕቃዎች የሚሸጡ ነጋዴዎች የእውነተኛነት ማረጋገጫ እንዲሰጡ የሚያዝዝ ሕግ አወጣች፤ ነገር ግን አንድ የመጻሕፍት ነጋዴ በፍርድ ቤት ከተከራከረ በኋላ፥ በ2017 መጻሕፍትን ከዚህ ግዴታ ነፃ አደረገች። ያ ሕግ ቢጸናስ ኖሮ ምን ይጠቅመን ነበር? ሕግ ፊርማው እውነተኛ መሆኑን ሊያረጋግጥ ይችላል፤ ፊርማው የተለመነበት ቃል እውነተኛ መሆኑን ግን የሚያረጋግጥ ኅሊና ብቻ ነው።

በጥንታዊ የብራና መጻሕፍቶቻችን ላይ መጽሐፉን ለቤተ ክርስቲያን የሰጠው ሰው ስም፥ መጽሐፉን የሰረቀውንም ሆነ ጽሕፈቱን የፋቀውን ከሚያወግዝ ቃል ጋር ብዙ ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። አባቶቻችን ስጦታ የሰጪውን አሳብ ይዞ እንደሚሄድ ያውቁ ነበር ማለት ነው። እኛ ዛሬ ማንንም ማውገዝ አያሻንም። ፊርማ የምንለምን ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ራሳችንን ብንጠይቅ ይበቃል፤ «የምፈልግበትን ምክንያት ለደራሲው ፊት ለፊት ብነግረው፥ ብዕሩን ያነሣ ነበርን?» መልሱ «አዎን» ከሆነ፥ መጽሐፉን ብናቆየውም ብንሸጠውም ነቀፋ የለብንም። መልሱ «አይደለም» ከሆነ ግን፥ ያገኘነው ፊርማ ቀለሙ የደራሲው ቢሆንም የውሸቱ ፈራሚ እኛው ነን።