ወፏ ሰም ናት ወርቅ?

አስጎብኚ ይዞ ተራራና ጫካ መዞር፣ አራዊትንና አእዋፍን ቆሞ መመልከት በጎጃም ደጋ ገና ለጋ ልማድ ነው። ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚሉት የጮቄ ተራሮች የልማዱ ዋና መናኸሪያ ሆነዋል። በዚያ የተቋቋመው የጮቄ ተራሮች ኢኮ ቪሌጅ እ.ኤ.አ. በ2022 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ነበር። እንግዳው የአካባቢውን ልጅ አስከትሎ የገብስና የድንቹን ማሳ ያቋርጣል፤ አስታውን አልፎ ጅብራ ከቆመበት ብርዳም ሜዳ ይወጣል፤ ወፍ ሲያይ ይቆማል። በአገር ደረጃ ነገሩ ቆየት ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አባላቱን ለወፍ እይታ ይዞ ሲወጣ ኖሯል፤ በ1996 ደግሞ ለአእዋፍ እጅግ አስፈላጊ የሆኑ 69 የኢትዮጵያ ቦታዎችን መዝግቦ አሳትሟል።

በቀድሞው ዘመን ወደ ዱር የሚዘልቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ጉዳዩ የታወቀ ነበር፤ እንጨት ሊቆርጥ፣ ቀፎ ሊሰቅል፣ ከብት ሊያሰማራ ወይም ግዳይ ጥሎ ሊፎክር ይገባል። ምንም ሳይዝ ገብቶ ምንም ሳይዝ የሚወጣው መናኙና የቅኔ ተማሪው ብቻ ነው። የዛሬው ተመልካች ከእነዚህ ከሁለቱ ጎን ይሰለፋል ማለት ይቻላል። ሆኖም አብረውት የሚነሡ ጥያቄዎች አሉ፤ ፍጥረት ለምን ተፈጠረ? ወፍን ስለ ወፍነቷ ማየት ከጸሎት ይቆጠራል ወይስ ከመዝናኛ?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት እግዚአብሔር ከእሑድ እስከ ዓርብ 22 ፍጥረታትን ፈጠረ። በክንፍ የሚበሩት ከውኃ የተገኙ የሐሙስ ፍጥረታት ናቸው፤ የምድር አራዊት የዓርብ ናቸው፤ ሰውም በዚያው ዕለት ከሁሉም በኋላ መጣ። መምህራኑ የተፈጠሩበትን ምክንያት ሲያብራሩ ሰውንና መላእክትን ለብቻ ያቆማሉ፤ እነዚህ የፈጣሪን ስም ሊቀድሱና ክብሩን ሊወርሱ ተፈጥረዋል። የቀሩት 20ዎቹ ለአንክሮ፣ ለተዘክሮ፣ ለምግበ ሥጋና ለምግበ ነፍስ ናቸው። ከአራቱ ምክንያቶች ሆድን የሚመለከተው አንዱ ብቻ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ዛሬ ስለ ጮቄ ሲነገር ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ጠምጫ የሚመነጩበት የውኃ ማማ መሆኑ በቅድሚያ ይጠቀሳል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥበቃውን በውኃ ብቻ የሚሟገት ሰው ከአራቱ ምክንያቶች አንዱን ይዞ ሦስቱን ትቷል። ተመልካቹ ባያውቀውም አንክሮን ይዟል።

በዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አራቱም ምክንያቶች ዞረው ዞረው ወደ ሰው ይመለሳሉ፤ የሚደነቀውም፣ የሚያስበውም፣ የሚበላውም እርሱ ነው። እንዲያ ከሆነ ወፏ በራሷ ምንም አይደለችም ያሰኛል። ይሁንና የዕለታቱ ቅደም ተከተል ይህን ይቃወማል። ሐሙስ ዕለት ወፎች ሲበሩ ቀና ብሎ የሚያያቸው ሰው አልነበረም፤ የኦሪት ዘፍጥረት ጸሐፊም መልካም መባላቸውን የሚነግረን አዳም ሳይፈጠር ነው። የሰው አድናቆት ቀድሞ የተሰጠውን ምስክርነት ዘግይቶ የሚቀበል እንጂ ለወፏ ዋጋ የሚሰጣት አይደለም።

የቅዱሳን ታሪክም በዚሁ ጉዳይ ሁለት መንገድ አለው። የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ስለ አንድ ትል ይናገራል። ትሉ ዛፍ ሊወጣ ደጋግሞ ወድቆ በመጨረሻ ይሳካለታል፤ ያሬድም ይህን አይቶ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። በዚህ ታሪክ ትሉ መምህር ነው፤ ትምህርቱ ከተገኘ በኋላ ግን ስለ ትሉ የሚጠይቅ የለም። በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ያለው ነገር ሌላ ነው። ጻድቁ ከ60 አናብስትና ከ60 አናብርት ጋር ቆመው ይሣላሉ፤ አንዲት ወፍ ደግሞ ከዓይናቸው ውኃ ትጠጣለች። እዚህ ወፏ ለጻድቁ የምታስተምረው ነገር የለም፤ ተጠምታለች፣ ጠጣች። ወር በገባ በ5 «አቦ» ብሎ የሚዘክር የጎጃም ገበሬ ይህን ሥዕል ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ የሚያስተምሩ ማኅበራት ከውጭ የመጣ መፈክር ከመለጠፍ ይህን ሥዕል ቢያስታውሱ የተሻለ ጆሮ ያገኙ ነበር።

የያሬድን መንገድ እስከ መጨረሻው የሄደበት የጎጃም ቅኔ ቤት ነው። ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የታወቀው በዚህ ነው። ተማሪው ከመምህሩ የሰማውን ይዞ ብቻውን ወደ ጫካ ወይም ወደ ጉብታ ይሄዳል፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ተመልሶ ለመምህሩ ያሰማል። የሚያየው ሁሉ ሰም ሊሆን ይችላል፤ ንቡ፣ ቆቁ፣ አበባው፣ ጎርፉ። ወርቁ ግን ሌላ ነው፤ ምሥጢረ ሥላሴ፣ የሰማዕት ገድል፣ ወይም ሊቃውንቱ በአደባባይ በቀጥታ የማይናገሩት የዘመን ነቀፋ። አንጥረኛ ሰሙን አቅልጦ አፍስሶ በቦታው ወርቅ እንደሚያስገባ፣ ቅኔ አዋቂም ፍጥረቱን አልፎ ምሥጢሩን ይይዛል። ከዚህ ተነሥቶ የጎጃም ሊቅ ወፍ አያይም፣ በወፍ ውስጥ ያያል የሚል ሊኖር ይችላል።

ፍርዱ ግን የችኮላ ነው። በቅኔ ቤት ሰሙ ከተበላሸ ወርቁም አይቆምም። ንብን ሰም ያደረገ ተማሪ ንብ መቼ እንደምትወጣ፣ ከየትኛው አበባ እንደምትቀስም፣ ቀፎዋን ስለምን እንደምትለቅ ካላወቀ መምህሩ «ሰሙ አልሰመረም» ብሎ ይመልሰዋል። ወርቁን የሚፈልግ ሰው ሰሙን ከሌላው ይልቅ አጥብቆ ማየት አለበት። ወፎችን በመጽሐፍ እያመሳከረ የሚመዘግበው የማኅበር አባልና ከጥድ ሥር ኩታውን ተከናንቦ የተቀመጠው ተማሪ እስከዚህ ድረስ አንድ መንገድ ይሄዳሉ፤ የሚለያዩት አንዱ ወፏ ላይ ሲቆም ሌላው ሲያልፍ ነው።

ማየት መጠበቅን ያስከትላል ወይ የሚለው ግን ከቅኔው ይልቅ አስቸጋሪ ነው። በአማራ ደጋ አገር በቀል ዛፍ ዛሬ በብዛት የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ አብዛኛው የአማርኛ አንባቢ በ«እመጓ» ልቦለዱ የሚያውቀው ደራሲ፣ በሙያው የደን ተመራማሪ ነው፤ በደቡብ ጎንደር 28 አድባራት ባደረገው ጥናት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግቧል። ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዶቅማ በእነዚህ ደኖች ተርፈዋል፤ ጉሬዛም በብዙ ስፍራ ቀርቶ የሚታየው እዚያ ነው። በጣሊያን ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ከአየር የተነሡ ፎቶግራፎች ከዛሬዎቹ ጋር ሲመሳከሩ በዙሪያው የነበረው ቁጥቋጦ ሲጠፋ የደብር ደኖች በአመዛኙ ስፋታቸውን ይዘው ቆይተዋል።

ይህ ሁሉ የተጠበቀው ጉሬዛን ለማየት ወይም ወይራን ለማትረፍ ታስቦ አልነበረም። የተከበረው ታቦቱ ነው፤ ደኑ የታቦቱ መጎናጸፊያ ስለሆነ አብሮ ተከበረ። የመንዝ ጓሳ የሣር ምድርም እንዲሁ ነበር። የአካባቢው ሰዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩን በሥርዓት እየዘጉና እየከፈቱ ያቆዩት ለቤት ክዳንና ለግጦሽ ነው፤ ቀይ ቀበሮው በሣሩ ጥላ ተረፈ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያ አሮጌ ሥርዓት ፈርሶ እንኳ ቦታው ዛሬ በማኅበረሰብ ጥበቃ ሥር ይገኛል። በጮቄ ግን እርሻው ሽቅብ እየገፋ ሲሄድ ቀይ ቀበሮ ጠፋ። በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 የማይበልጡ ቀይ ቀበሮዎች ዛሬ ባሌን፣ አርሲን፣ ስሜንንና መንዝን በመሳሰሉ ቦታዎች ቀርተዋል። ከጎጃም መጥፋቱ ሲነገር ተመልካቹ ዘግይቶ መምጣቱ ግልጽ ይሆናል። የዳኑት ፍጥረታት በአብዛኛው የዳኑት ማንም ሳያያቸው፣ ለሌላ ነገር በወጣ ሕግ ነው። ይህ ለጥበቃ ማኅበራት የማይመች እውነት ነው፤ ሆኖም ሊሸሹት አይገባም።

የአሮጌው ሕግ ደካማ ጎንም ከዚያው ይመነጫል። ታቦቱን የሚያከብር ሥርዓት ደን እንዲኖር ያዝዛል እንጂ የትኛው ዛፍ እንደሚኖር አይናገርም። ባሕር ዛፍም ጥላ ነው፤ ሲሸጥም ለደብሩ ገንዘብ ያመጣል። በመሆኑም በአንዳንድ አድባራት ባሕር ዛፍ በወይራና በጥድ ፋንታ እየገባ ነው፤ ከብት ከገባበትም ዘር ወድቆ ቢበቅል ችግኙ አይደርስም፤ የመቃብሩና የአዲሱ ሕንፃ ስፋትም ቦታ ይሻማል። ከሩቅ ሲታይ ደኑ እንደቆመ ነው፤ ቀርቦ ለሚያይ ግን ልጅ የሌለው የሽማግሌዎች ቤት ሆኗል። ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱ ጋር ሆነው በአንዳንድ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ ያሠሩት ይህን አይተው ነው። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ተለቅሞ ስለመጣ ለማሳውም እፎይታ ሆኗል። ካቡን ማንሣት ያስቻለው ሥልጣን የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ካቡ ለምን እንደሚያስፈልግ የተገነዘበው ዓይን ግን ችግኝ ከችግኝ ለይቶ የሚቆጥር የተመልካች ዓይን ነው።

ስለዚህ ወፏ ሰም ናት ወይስ ወርቅ የሚለው ጥያቄ በጎጃም አንድ መልስ ብቻ የለውም። ለደብሩ ሰም ናት፤ ክብሯ ከታቦቱ ይወርድላታል፤ ያ ክብር ከሌለ ቀድሞ ምሳር ያገኛት ነበር። ለተመልካቹ ወርቅ ናት፤ ሰም ብቻ ሆና ከቀረች መጥፋቷን የሚያስተውል ሰው አይኖርም። ችግር የሚመጣው አንዱ ሌላውን ሲተካ ነው። እንግዳ በበዛበት ስፍራ ገንዘብ የአንክሮን ቦታ ይወስዳል፤ የሚታይ እንስሳ ዋጋ ያገኛል፣ የማይታየው ይረሳል፤ አስጎብኚውም ጉሬዛን ለማቅረብ ፍርፋሪ መጣል ይጀምራል።

በዚህ ረገድ ቤተ ክርስቲያን ያላት ሥርዓት ለተመልካቹም ይበጃል። ወደ ውስጠኛው ቅጽር የሚገባ ጫማውን ያወልቃል፤ ቅዳሴ ሲደርስ እንቅስቃሴው ይገታል፤ መቅደሱ ለሁሉ አይከፈትም፤ አንዳንድ ገዳማትም ሴትን ወይም እንግዳን ጨርሶ አያስገቡም። ለወፍ ተመልካች ይህ እንቅፋት ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ማየት ገደብ እንዳለው የሚያስተምር ሌላ ሕግ በአካባቢው የለም። አስጎብኚው የደብሩ ልጅ ከሆነ ሕጉን በእናቱ ጀርባ ላይ ሳለ ተምሮታል፤ ከከተማ የመጣ ከሆነ ግን ከመጽሐፉና ከርቀት መነጽሩ በፊት ይህን መማር ይኖርበታል። ማኅበራቱም የጉዞ ዝርዝራቸውን ሲያወጡ የት መግባት እንደሚቻልና የት ከካቡ ውጭ መቆም እንደሚገባ ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሰበካ ጉባኤው ጋር አስቀድመው መነጋገር አለባቸው፤ ከካቡ ውጭ የቆመ ሰውም በማለዳ ብዙ ወፍ ያያል።